ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?

ባለፈው እትም ስለ ካርቱን ሥዕል ስጽፍ፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለሚወጡ ኮሚኮች፣ ማለት በተከታታይ ሥዕል ስለሚነገሩ ታሪኮች፣ አንድ አረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። የመጣው ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት በሙሉ ስለዚያች አረፍተ ነገር ሆነ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለእነሱ ለቅቄአለሁ። ለማያውቀኝ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የባነርና የማስታወቂያ ሥራ አለኝ። ድሮ ታፔላ በብሩሽ ነበር የምጽፈው። አሁን ማሽኑ ያትማል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ኮሚክ አነባለሁ።

የምናወራው ድርጅት ስላልቀጠራቸው ሰዎች ነው። ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ስለው፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ስለሚያወጡ። ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማንጋ፣ የጃፓኖቹን ኮሚክ፣ አነባለሁ። እርስዎ ያሉትን፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራውን ኮሚክ ግን አላውቅም። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ፓኬጄም ቶሎ ያልቃል። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ከየት ልጀምር?» — ከአቶቴ

ካለቀው ጀምር። እንዲህ ያሉ ኮሚኮች በሳምንት አንድ ሁለት ገጽ እየተባለ ለዓመታት የሚወጡ ናቸው። አንዳንዱ ደራሲ መሃል ላይ ይሰለቻል፣ ወይ ያገባል፣ ወይ ሥራ ይይዛል። አንተ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ትቀራለህ። ጠፍቶ የቀረ ታሪክ ስንቱን ሰው እንዳናደደ እኔ አውቃለሁ።

ካለቁት ውስጥ የእኔ አንደኛ «ዲገር» ነው። ኧርሱላ ቨርነን የምትባል አሜሪካዊት ናት ጽፋ የሳለችው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨረሰችው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በ2012 ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ታሪክ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘችበት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዎምባት ናት። ዎምባት አውስትራሊያ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ድብልብል ያለ እንስሳ ነው። ዲገር ስትቆፍር አቅጣጫ ይጠፋባትና ፈጽሞ በማታውቀው አገር፣ ጋኔሽ የሚባለው የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ሐውልት ያለበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቅ ትላለች። ሐውልቱ ይናገራል። እሷ ደግሞ የቁፋሮ ሰው ናት፣ አማልክትና አስማት የሚባል ነገር አይጥማትም። ሁሉንም እንደ መሐንዲስ ነው የምትመዝነው። ቀልዱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለእኛ ሰው ግን ትልቁ ነገር ጅቦቹ ናቸው። ሌሊት የጅብ ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። በተረታችንም ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለ ነው፣ ሆዳም ነው፣ አስመሳይ ነው። እዚህ ኮሚክ ውስጥ ግን ጅቦቹ የራሳቸው ሕግና ወግ አላቸው። ጎሳውን የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው። ይህን ደራሲዋ ከራሷ አላመጣችውም፣ እውነተኛው ነጠብጣባም ጅብም እንዲሁ ነው። ከጎሳው የተባረረ አንድ ጅብ አለ። ሲያባርሩት ስሙንም አብረው ወስደውበታል። ዲገር ማን ልበልህ ስትለው የሚመልሰው የለውም፣ ስለዚህ ኤድ ብላ ትሰይመዋለች። ኤድ የሚናገርበትን ገጽ ሁሉ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። አነጋገሩ የተሰባበረ ነው፣ ግን የሚለውን ያውቃል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ፓኬጅህም አይጎዳም።

ቀጥሎ ሚና ሰንድበርግ የምትባል የሰሜን አውሮፓ ሰው የሠራችውን «ስታንድ ስቲል፣ ስቴይ ሳይለንት» ሞክር። በ2013 ጀምራ በ2022 ጨርሳዋለች። በሽታ ዓለምን ካጠፋ 90 ዓመት በኋላ ነው ታሪኩ። የተረፉት የሰሜን አገሮች ሰዎች ናቸው። በጀት ያጠረው አንድ ትንሽ ቡድን ወደ ጠፋው ዓለም ለአሰሳ ይላካል። ቡድኑ ውስጥ ፊንላንድኛ ብቻ የሚናገር አለ፣ አይስላንድኛ ብቻ የሚናገር አለ፣ ሁለት ሦስቱን የሚያቀላቅል አለ። አንባቢው ማን በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ የሚያውቀው ንግግሩ አጠገብ በተቀመጠች ትንሽ ባንዲራ ነው። መናኸሪያ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ባንድ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ይህቺ ዘዴ ወዲያው ትገባዋለች። አንዱ ቀልድ ይናገራል፣ ግማሹ ተሳፋሪ ይስቃል፣ ሌላው ትርጉም ይጠብቃል። ኮሚኩ ውስጥ ልክ እንደዚያ ነው። ሥዕሎቹ ግን ባለቀለምና ከባድ ናቸው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ክፈታቸው።

በየቀኑ ለመቅመስ ደግሞ «ኤክስኬሲዲ» አለ። የሚሠራው ራንዳል መንሮ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ውስጥ ሮቦቶች ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከ2005 ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያወጣል። ሰዎቹ ክብ ራስና መስመር ብቻ ናቸው፣ ፊት እንኳ የላቸውም። ፊዚክስና ሒሳብ ከወደድክ ቤትህ ነው። ከሥዕሉ ጀርባ የተደበቀች አንዲት ተጨማሪ ቀልድ አለች። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ሥዕሉ ላይ ስታሳርፍ ትመጣለች። ለስልክ የተሠራ ገጽም አለው፣ እዚያ ነክተህ ታወጣታለህ። ብዙ ሰው እሷን ሳያይ ያልፋል።

ይህን ሰው የማከብረው ግን በአንዲት ሥራው ነው። በመጋቢት 2013 «ታይም» የሚል ርዕስ ያለው አንድ ሥዕል አወጣ። ሁለት ሰዎች ባሕር ዳር ተቀምጠዋል፣ በቃ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥዕሉ ተቀየረ። እንደገና ተቀየረ። በኋላ በየሰዓቱ ሆነ። ሰዎቹ የአሸዋ ግንብ መሥራት ጀመሩ። ውኃው ግን ቀስ እያለ ይጨምራል። ወደ አራት ወር ገደማ ቀጥሎ 3,099 ሥዕል ላይ አለቀ። በ2014 ሁጎ ተሸለመበት። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ሰፈር ሲጠጋ ላየ የሐዋሳ ሰው፣ ውኃው ለምን ይጨምራል የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይሆንበትም።

«ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ስልኬን ወስዳ ኮሚክ ታያለች። ምን እንደምታይ አላውቅም፣ መከልከልም አልፈለግሁም። ለእሷ የሚሆን ቢጠቁሙኝ?» — አንዲት እናት፣ ከታቦር

እመቤቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ሥዕል ስለሆነ ብቻ የልጅ ነው ማለት አይደለም። ከላይ ያልኩት «ዲገር» እንኳ ጅቦቹ አሉበት፣ ሞት አለበት፣ ለእሷ ጊዜው አይደለም።

ለልጅዎ «ፔፐር ኤንድ ካሮት»ን ይስጧት። ዳቪድ ረቩዋ የሚባል ፈረንሳዊ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው ነው። ፔፐር ትንሽ ጠንቋይ ናት፣ ካሮት ብርቱካንማ ድመቷ ነው። የምታፈላው መድኃኒት ሁሌም ይበላሻል፣ ፍዳውን የሚያየው ድመቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ንግግራቸው ትንሽ ነው፣ ሥዕሉን አይታ ትረዳዋለች። ጠንቋይ የሚለው ቃል ካሳሰብዎት አንዱን ክፍል አስቀድመው ይዩት። የእኔ አስተያየት ተረት ነው፣ ከአያቶቻችን ተረት የባሰ ነገር የለበትም።

አሁን የማተሚያ ሰው ሆኜ ልናገር። ረቩዋ ሥራውን የለቀቀው ማንም ሰው እንዲተረጉመው፣ እንዲያትመው፣ ቢፈልግም እንዲሸጠው ፈቅዶ ነው። ግዴታው አንድ ነው፣ የሠራውን ሰው ስም መጥቀስ። ሥዕሉን የሚሠራበት ክሪታ የሚባለው ፕሮግራምም በነጻ የሚገኝ ነው። የጽሑፉ ፋይል ከሥዕሉ ተለይቶ ስለተቀመጠ እንግሊዝኛውን አውጥተው አማርኛ ማስገባት ይቻላል። በጎ ፈቃደኞች ከ60 በላይ ቋንቋዎች ተርጉመውታል። እኔ ዘንድ መጥቶ «ይህን አትምልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ የሰው ንብረት ነው። ይሄኛውን ግን ያለ ሐሳብ አትማለሁ።

«ቤሩት ለዓመታት ሠርቼ ተመልሻለሁ። የሚጻፈው ሁሉ ወይ ያለቅሳል ወይ ይመክራል። የሥራን ነገር እንዳለ የሚናገር የለም?» — ከመናኸሪያ አካባቢ

እህቴ፣ ያንቺን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምመልስልሽ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ኬት ቢተን።

ቢተን ካናዳዊት ናት፣ ኬፕ ብሬተን የምትባል ደሴት ላይ ያደገች። ደሴቲቱ ውስጥ ሥራ የለም፣ ወጣቱ ሁሉ ሠርቶ ለመላክ ይሰደዳል። እሷም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የትምህርት ብድሯን ለመክፈል በካናዳ ምዕራብ ወዳለችው አልበርታ፣ ከአሸዋ ነዳጅ ወደሚወጣበት ቦታ ሄደች። ከ2005 እስከ 2008 ከቆየችበት ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፈችው ካምፕ ውስጥ፣ እጅግ ብዙ ወንዶችና ጥቂት ሴቶች ባሉበት ነው። መሣሪያ ማደያ መስኮት ላይ ቆማ ቁልፍና መፍቻ ስታድል ወንዶቹ ሊያይዋት ብቻ ይሰለፋሉ። ይህን ስትስለው አታለቅስም፣ አትመክርም። ሰልፉን ትስላለች፣ በቃ።

ኢንተርኔት ላይ የታወቀችው ግን በሌላ ሥራ ነው። «ሃርክ! አ ቫግራንት» የሚባለው ኮሚኳ ከ2007 እስከ 2018 ወጥቷል፣ በታሪክ ሰዎችና በድሮ ልብ ወለዶች የሚቀልድ ነው። ስለ ካምፑ ኑሮ «ዳክስ» በሚል ርዕስ መጀመሪያ በ2014 ድረ ገጽ ላይ አጫጭር ንድፎች አወጣች። ችኩል የእርሳስ ሥዕሎች ናቸው። ትልቁ መጽሐፍ በ2022 ታተመ፣ በ2023 ለኮሚክ የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት አገኘ። መጽሐፉ በነጻ አይገኝም። ንድፎቹ በነጻ የወጡ ናቸው፣ ከእነሱ ጀምሪ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። መጽሐፉ ውስጥ የመደፈር ታሪክ አለ። ሥዕሉ አያሳይም፣ ግን አለ። ሳታውቂ እንዳትገቢበት ብዬ ነው።

ከሁሉ በላይ ያቺ ሴትዮ የገረመችኝ ወንዶቹን ሰው አድርጋ መሳሏ ነው። በዚህ ገጽ ላይ የሚያስጠላሽ ሰው፣ ሌላ ገጽ ላይ የሴት ልጁን ፎቶ እያሳየ ቤቱ ናፍቆት ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያውን በደል አላስተሰረየችለትም። ሁለቱንም ነው ያስቀመጠችው። ደመወዙ፣ ብቸኝነቱ፣ ብርዱ፣ ለቤተሰብ ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ» የሚባለው ነገር። ቤሩትና አልበርታ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ካለ አንቺ ትነግሪዋለሽ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነው። የእኛስ የለም?» — ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከፒያሳ

መምህር፣ አለ እንጂ። «ጀምበር» የሚባለውን ይፈልጉ። ኢታን ኮሚክስ በሚል ስም ብስራት ደበበ የመሠረተው ድርጅት በ2018 ያወጣው የጀግና ታሪክ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ከዚያ «ሀዊ» የምትባል ሴት ጀግና ተከተለች። በየሳምንቱ በነጻ የሚወጣ ዓይነት አይደለም፣ በዲጂታል የሚሸጥ ነው። ግን ትልቅ ኩባንያ ከጀርባው ሳይኖር የቆመ ስለሆነ ከዚህ ዓምድ አላስወጣውም። እኔ በግሌ የሚበሩ ጀግኖች ብዙም አይስቡኝም። አዲስ አበባን በኮሚክ መስኮት ውስጥ ማየት ግን ደስ ይላል።

ደግሞም መምህር፣ እርስዎ ኮሚክ ሲያነቡ ነው ያደጉት። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል ያስታውሱ። ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥን ነው። ከላይ ከግራ ጥግ ይጀምራል፣ ዘንዶው ይመለካል፣ ዘንዶው ይገደላል፣ እያለ ንግሥቲቱ ትነሣለች፣ ኢየሩሳሌም ትደርሳለች፣ ምኒልክ ይወለዳል፣ ታቦቱ ይመጣል። በየሣጥኑ ሥር አንድ መስመር አማርኛ። ለቱሪስት ስለሚሸጥ ንቀነው ነው እንጂ የኮሚክ ሕግ በሙሉ አለበት። ንግሥቲቱ ሌሊት ተነሥታ ውኃ የምትጠጣበትን ሣጥን ይዩት። አንዲት እጅና አንድ ብርጭቆ ናት፣ ንጉሡ ከዚያ ወዲያ ማሸነፉን ማንም ሳይነግርዎት ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ እኔም እስላለሁ። በስልክ ነው የምሥለው። ከዚህ እንጀራ ይበላል? እነዚያ ሰዎች በምን ይኖራሉ?» — የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዋናው ግቢ

አብዛኞቹ መጀመሪያ ሌላ ሥራ ነበራቸው። እንግሊዛዊው ቶም ሲዴል «ገነርክሪግ ኮርት»ን በ2005 ሲጀምር የቪዲዮ ጌም ድርጅት ውስጥ አኒሜተር ነበር። ሥራውን ለቆ ኮሚኩን ብቻ የያዘው በ2012 ነው። አስበው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ እየሣለ። የመጀመሪያውን ምዕራፍና የቅርቡን ጎን ለጎን ክፈት። የመጀመሪያዎቹ ጭንቅላቶች ከአካላቸው ጋር አይስማሙም። አላጠፋቸውም፣ እዚያው አሉ። ሥዕሌ ገና ነው እያልክ መሳቢያ ውስጥ የምትቆልፍ ከሆነ ይህን ሰው እይ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከመጽሐፍ ሽያጭ፣ ከቲሸርት፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ከሚያዋጡ አንባቢዎች ነው። ሪች በርሉ የሚባል አሜሪካዊ «ዘ ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክ» የሚል፣ ሰዎቹ እንደ ጭራሮ በቀጫጭን መስመር የተሣሉበት ኮሚክ አለው። በ2012 ያለቁበትን መጻሕፍት እንደገና ለማሳተም 57,750 ዶላር አዋጡልኝ ብሎ አንባቢዎቹን ጠየቀ። ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። በዚያው ዓመት እጁን ክፉኛ ተቆረጠና ኮሚኩ ቆመ። ፋብሪካው አንድ እጅ ነው፣ እጁ ሲቆስል ፋብሪካው ይዘጋል። ስለ ሚሊዮኑ የሚያወሩህ ሰዎች ይህንን አይነግሩህም።

እዚህ ሆነህ ደግሞ ከውጭ አንባቢ ገንዘብ መሰብሰብ ጣጣው ብዙ ነው። እኔ ብሆን በዚያ አልጀምርም። የቴሌግራም ቻናል ክፈት፣ በሳምንት አንድ ቀን ለይ፣ አንባቢ ሲለምድህ የቴሌብር ቁጥርህን ከሥር አስቀምጥ። ብዙ አትጠብቅ። ከዚያ ሥዕልህን ያየ ሰው ሎጎ ያሠራሃል፣ የሠርግ ካርድ ያሠራሃል። እንጀራው ከዚያ በኩል ነው የሚመጣው።

የላክህልኝን አራት ገጾች አይቻለሁ። መስመርህ ጥሩ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው። የንግግር አረፋህን ከእንግሊዝኛ ኮሚክ ነው የቀዳኸው፣ ጠባብና ረዥም ነው። የእኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም ይዞ ይዞራል። «አላመጣችልንም» ብለህ ጽፈህ ለሁለት ሰብረኸዋል፣ «አላመጣ» ላይ ያ ሰው የተናገረው ሌላ ነገር መሰለኝ። አረፋውን ወደ ጎን ለጠጥ አድርገው። ቃል አትስበር። ካልበቃህ ፊደሉን ከማሳነስ ዓረፍተ ነገሩን እጠር፣ ምክንያቱም «ጸ»ና «ጾ» በትንሽ ስልክ ላይ አንድ ይሆናሉ።

ሌላው ጩኸት ነው። እንግሊዝኛው ሲጮህ ያደምቃል፣ ያጋድማል። የእኛን ፊደል ማጋደል አያምርበትም፣ የወደቀ አጥር ይመስላል። ታፔላ ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ «ልዩ ቅናሽ» የምትለዋን በወፍራም ብሩሽ፣ እግሮቿን አስረዝሜ ነበር የምጽፋት። አንተም ጩኸቱን በእጅህ ጻፈው። የፎንቱን ነገር ለተራው ንግግር ተው።

ስለምን ልሣል ላልከኝ፣ ክንፍ ያለው ጀግናህን ለጊዜው አስቀምጠው። ጠዋት አሞራ ገደል ውረድ። ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች እይ፣ ከኋላቸው ተሰልፈው አንጀት የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች እይ። አባ ኮዳ ራሰ በራ ሆኖ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ሲቆም ያለ ምንም ጭማሪ ገጸ ባሕርይ ነው። አራት ሣጥን በቂው ነው።

በአጭሩ

ከዲያስፖራ ሰፈር ስለ «ላካዴዚ» ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ድመቶቹ እጅ በአፍ ያስጭናሉ። ትሬሲ በትለር በ2006 ጀመረችው፣ በ1920ዎቹ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተከለከለ መጠጥ የሚሸጡ ድመቶች ናቸው። ገጹ ግን በጣም እየዘገየ ነው የሚወጣው። ትዕግሥት ከሌለሽ አትጀምሪው።

ኮሚኮቹን ሰብስቦ ስለሚለጥፈው ቻናል ለጠየቅከኝ፦ አትጠቀም። ደራሲው ራሱ በነጻ ሰጥቶህ ሳለ ከሌባ መቀበል ምን ይባላል? የራሱ ገጽ ላይ ስትገባ ቢያንስ መኖርህን ያውቃል።

«ዳይኖሰር ኮሚክስ አልገባንም፣ ሥዕሉ ሁልጊዜ አንድ ነው» ላላችሁ ሁለት ጓደኛሞች፦ ከ2003 ጀምሮ አንድ ነው። ራያን ኖርዝ ሆን ብሎ ነው፣ ስድስቱ ሣጥን አይቀየርም፣ የሚቀየረው ንግግሩ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንጋ ለምዳችሁ ከቀኝ ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ፣ መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበባችሁ ነው። ከግራ ሞክሩት።